ተሣለ እና ተሳለ፦ አዲስ ሥዕል በጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን

«ማርያም ተሣለች» እና «ለማርያም ተሳለች» በሚሉት ሁለት ዐረፍተ ነገሮች መካከል የአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ የሚይዘው ልዩነት አንዲት «ለ» ብቻ ናት። በመጀመሪያው የእመቤታችን መልክ በቀለም ወጥቷል፤ በሁለተኛው አንዲት ሴት በጭንቋ ቀን ስእለት ገብታለች። በግእዝ ሁለቱ ግሦች የሥጋ ዝምድና የላቸውም። «ሠዐለ» በንጉሡ ሠ እና በዐይኑ ዐ ሲጻፍ መልክ መሥራት ነው፤ «ሰአለ» በእሳቱ ሰ እና በአልፋው አ ሲጻፍ መለመን ነው። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆቹን ከጣለ ወዲህ ግን ሁለቱ አንድ ቤት ገብተዋል፤ ቢላዋ ሲሞረድም «ተሳለ» ስለሚባል እንዲያውም ሦስት ናቸው። ጸሐፍት ቀድሞም በብራና ላይ ሠን በሰ ሲለውጡ ኖረዋልና ከሥርወ ቃል ተነሥቶ መደምደሚያ ማውጣት አያስኬድም። ሆኖም መመሳሰሉ የወደቀበት ቦታ ልብ ይስባል። በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ከቅዱሳን ሥዕል ግርጌ በግንባሩ ተደፍቶ ወይም እጁን ዘርግቶ የሚታይ ትንሽ ሰው አለ፤ ሥዕሉን በገንዘቡ ያሠራው ምእመን ነው። እርሱ ተሥሏል፤ እርሱ ተስሏል። በዚያች ጥግ ሁለቱ ግሦች ሆን ብለው የተቃጠሩ ይመስላሉ።

ዘመናዊ የጥበብ ሥራ በጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይታይ ወይስ አይታይ የሚለው ክርክር በአማርኛ ሲነሣ ከመነሻው የሚንሻፈፈው ይህ ቀጠሮ ስለሚዘነጋ ነው። ክርክሩ የሚጀምረው «ማሳየት» በሚለው ግሥ ነው፤ ግሡ ደግሞ ለቤቱ እንግዳ ነው። እንግድነቱ ከመሀል አገር ይልቅ ከድንበር ሆኖ ለሚያዳምጥ ይበልጥ ይሰማል። ሞያሌ ስሟ አንድ፣ አገሯ ሁለት የሆነች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባም ከናይሮቢም ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በኬንያው ወገን ስዋሂሊና እንግሊዝኛ የጽሕፈት ቤት ቋንቋ ሲሆኑ ገበያው በቦረና ኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በቡርጂኛ ይውላል፤ አማርኛም ከሰሜን ከሚመጣው ነጋዴና ሹፌር ጋር መስመሩን ይሻገራል። ከተማዋ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ልጅ ናትና በግንብ ያረጀ ደብር ሊጎበኝ ወደ እርሷ የሚወርድ የለም። ለዚህ ጉዳይ የምትጠቅመው በጆሮዋ ነው።

በዚያ የሚሰሙት ቋንቋዎች የሥዕል ትርኢትን የሚጠሩባቸው ቃላት ባሕርያቸው አንድ ነው። ስዋሂሊ «ማኦኜሾ» ይላል፤ «ኦና» (አየ) ከሚለው ግሥ «ኦኜሻ» (አሳየ) ተረብቶ፣ ከዚያ የወጣ ስም ነው። ኦሮምኛ «አገርሲሳ» ይላል፤ እርሱም ማየት ከሚለው ግሥ በአስደራጊ ቅጥያ የተሠራ ነው። አማርኛ ሁለት መንገድ ይዟል፤ አንዱ ከውጭ የተቀበለው «ኤግዚቢሽን»፣ ሌላው ከግእዝ የተበጀው «ዐውደ ርእይ» ነው። ዐውድ ክብ አደባባይ፣ ርእይ ማየት ነው። ሦስቱም ቋንቋዎች ነገሩን በዐይን ላይ አቁመውታል፤ አንድ ወገን ያሳያል፣ ሌላው ያያል፣ ሥዕሉ ይታያል፣ ቀኑ ሲያልቅ ይወርዳል። ለአዳራሽ ይህ ይበቃል። ስለ ቤተ ክርስቲያን ግን ግሡ ያልያዘው ብዙ ነገር ይቀራል።

ምን እንደሚቀር ለማየት ሥዕል በቤቱ ውስጥ እንዴት እንደሚኖር ማስታወስ ይገባል። ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ ተብሎ በተከፈለው ክብ ቤት ውስጥ ሥዕሉ በብዛት የሚገኘው በመቅደሱ የውጭ ግድግዳ ላይ ነው፤ ሕዝቡ የማያልፈውን ውስጥ ሕዝቡ ከሚቆምበት ውጭ በሚለየው ግድግዳ ላይ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ መጋረጃ ይወርድበታል። ካህኑ መጋረጃውን ሲገልጥ ሥዕሉ «ተገለጠ» ይባላል፤ ለቅዱሳን መታየት የሚነገረውም ይኸው ግሥ ነው። የሚጸለይበት ሥዕል ደግሞ የራሱ ስም አለው፤ «ሥዕለ አድኅኖ»። እንዴት ወደ ቤቱ እንደሚመጣ ሲነገር ማንም «አሳየ» አይልም። የተሳለ ሰው ስእለቱን «ያስገባል»። ጃንጥላም ይሁን መጋረጃ፣ ሻማም ይሁን ሥዕል፣ ይገባል። «አሳየ» እና «አስገባ» ሁለቱም አስደራጊዎች ናቸው፤ አንደኛው የሚያስደርገው ማየትን፣ ሁለተኛው መግባትን ነው። በዚህ ጉዳይ የሚያከራክረው ነገር ሁሉ በእነዚህ ሁለት ግሦች መካከል ያለ ይመስላል።

አዲስነት ብቻውን ሥዕልን ከቤተ ክርስቲያን አስከልክሎ አያውቅም። ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ በኢትዮጵያ የኖረው የቬኒስ ተወላጅ ሠዓሊ ኒኮሎ ብራንካሌዎን፣ በአገሩ ስሙ መርቆሬዎስ፣ በዘመኑ ሚዛን አዲስም ባዕድም ነበር። በአትሮንሰ ማርያም ድንግልን ሕፃኑን በግራ ክንዷ እንዳቀፈች አድርጎ በመሣሉ ብርቱ ሁከት ተነሣ፣ ንጉሡ ግን ሥዕሉን ወደደው ተብሎ ይተረካል። የትረካው ፍሬ ነገር ያለው በክሱ ውስጥ ነው። ሕዝቡ ፈረንጅ ሣለው ብሎ አልተቆጣም፤ ቀለሙ አዲስ ነው አላለም። የጠየቀው ሕፃኑ በየትኛው እጅ ነው ያለው ብሎ ነው። ግራ በአማርኛ እስከ ዛሬ ቀና ያልሆነውን፣ የተምታታውን የሚሸከም ቃል ነው፤ ሰው ነገር ሲጠፋው «ግራ ገባኝ» ይላል። በሥዕሉ ፊት ቆሞ የሚለምን ሰው የሚለምነው የተናቀ እጅ ላይ የተቀመጠ አምላክን ከሆነ ልመናው ራሱ ይናጋበታል። ተቃውሞው ከቅርጽ ትችት ይልቅ ሥዕሉ ሥራውን ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚል ነበር። (ደብሩን በኋላ ያቃጠለው የኢማም አሕመድ ሠራዊት መሆኑ፣ ኢማሙም በአማርኛ «ግራኝ» መባሉ ትችት የማይነካው የቃላት አጋጣሚ ነው።) ከባሕር ማዶ መጥቶ የነገሥታቱ የዘመቻ ጓደኛ እስከ መሆን የደረሰው «ኵርዓተ ርእሱ» ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ዕድል ገጠመው። ያ የአውሮፓ ሠሌዳ ባዕድነቱን ማንም ሳይጠይቀው ተለመነ፣ ተማለ፣ በጎንደር ሠዓልያን እጅ ተገለበጠ፤ በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ ተወስዶ ከአገር ሲወጣ ሥዕልነቱ ቀርቶ ዕቃ ሆነ።

ሁለቱን ግሦች ፊት ለፊት ያጋጠመው ጉዳይ ግን የጎንደሩ አባ እንጦንስ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተተከለ ነው። የጎንደር ዘመን የግድግዳ ሥዕሎች ብዙዎቹ በግድግዳው ላይ በቀጥታ የተሣሉ አይደሉም፤ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሠርተው የተለጠፉ ናቸው። ይህ የአሠራር ዘዴ ሠዓሊው በሥራ ቤቱ ተቀምጦ እንዲሠራ አስችሎታል፤ ሥዕሉ ተልጦ ሊወሰድ እንዲችልም አድርጎታል። በ1932 እ.ኤ.አ. በማርሴል ግሪዮል የሚመራው ከዳካር እስከ ጅቡቲ አፍሪካን ያቋረጠው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ጎንደር ሰፈረ። በቡድኑ ውስጥ የቀን መዝገቡን የሚይዘው ሚሼል ሌሪስ ነበረ፤ የአማርኛውን በር የከፈተላቸው አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ነበሩ፤ ከፓሪስ የመጣ ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለ ወጣት ሠዓሊም ነበረ። ስምምነቱ አሮጌው ሥዕል እንዲነሣና በምትኩ አዲስ እንዲገባ ነው። ሩ የጥንቱን ሥዕል ገለበጠ፤ ጥንታዊው ጨርቅ ተልጦ ወደ ፓሪስ ሄደ፤ የሩ ሥራ በአባ እንጦንስ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ጥንታዊው ዛሬ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛል።

ይህ ታሪክ እስካሁን በዋናነት የሚነገረው ስለ ወጣው ነው፤ ተገቢም ነው። ስለ ገባው ግን የተነገረው ጥቂት ነው። በዘመኑ የፓሪስ የሥነ ጥበብ ዓለም ውስጥ የሚሠራ ሰው፣ በዘመኑ የፋብሪካ ቀለም፣ በጥንታዊ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሥራውን አኖረ። «ዘመናዊ ሥራ በጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን» የሚለው አነጋገር በፊደሉ ከተወሰደ በአገሩ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ሆኖም ማንም ዐውደ ርእይ ብሎ አልጠራውም፤ ሠዓሊው ራሱም ስሙን ሊያስነሣ አልገባም። የጎንደር ሠዓሊ ለዘመናት ሲያደርግ የኖረውን አደረገ፤ ገለበጠ፣ ለጠፈ፣ ሄደ። ከአሠራር አንጻር ሩ በወጉ ውስጥ ነው፤ በወግ አጥባቂነት ብቻ የሚፈርድ ሐያሲ እርሱን የሚነቅፍበት ምክንያት ያጣል።

ጉድለቱ ያለው በግሡ ባለቤት ነው። ሥዕሉ ገባ እንጂ በስእለት ያስገባው ሰው የለም። ማንም ስላልተሳለ በግርጌው ተደፍቶ የሚታይ ምእመን የሚገባው ቦታ ባዶ ነው፤ የመግባቱ ምክንያት የሌላው መውጣት ነበር። ካህናቱን መውቀስም ቀላል አይደለም። በቤተ ክርስቲያን አነጋገር ያረጀን ሥዕል መተካት «ማደስ» ነው፤ ጥላ የጠቆረበትን፣ ዝናብ ያወረዛውን ጨርቅ ማንሣት ለቤቱ የተደረገ በጎ ሥራ ነው። ቡድኑ ደግሞ «መሰብሰብ» እና «ማዳን» የሚሉ ግሦችን ይዞ መጣ። ያው ጨርቅ ለአንዱ የሚታደስ፣ ለሌላው የሚድን ነበር፤ ሁለቱም ወገኖች በየቋንቋቸው በጎ ሠርተዋል። ከዚያ የተገኘው ውጤት በፓሪስ የሚታይ እንጂ የማይለመን፣ በጎንደር የሚለመን እንጂ ማንም ያልተሳለው ሥዕል ሆነ። ሌሪስ በ1934 ባሳተመው መጽሐፉ የቡድኑን የስብስብ መንገድ ሳይሸፍን መዝግቦታልና ጉዳዩ የተሰወረ አይደለም። የጎደለው እስካሁን በአማርኛ ግሦች መነበቡ ነው።

ማደስ የሚለው ቃል ዛሬም ሥራ ላይ ነው። በየደብሩ አሮጌው የጥጥ ጨርቅ ሲነሣ ምትኩ ብዙ ጊዜ በማተሚያ ቤት የወጣ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ወይም ፕላስቲክ ነው። የአባ እንጦንስ ልውውጥ ቢያንስ የሰው እጅ በሰው እጅ የተተካበት ነበር።

አዲስ አበባ ለዚሁ ጥያቄ ሌላ መልስ ሰጥታለች። የአራዳው ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ከዐድዋ ድል በኋላ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የተሠራ ባለ ስምንት ማዕዘን ቤት ነው፤ ጣልያን በወረራው ዘመን አቃጥሎት ከነጻነት በኋላ ታድሷል። ውስጡን ካስጌጡት ሠዓልያን አንዱ በለንደን ስሌድ የተማረው አፈወርቅ ተክሌ ነው። ይኸው ሠዓሊ በ1954 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ሥራዎቹን ለሕዝብ አቅርቧል። የአንድ ሰው እጅ በማዘጋጃ ቤት «አሳየ»፤ በአራዳ «አስገባ»። በአዳራሹ ፊርማው ሥራውን ይመራል፤ በካቴድራሉ የሚጸልየው ሰው ፊርማ አይፈልግም። ጎብኚ ግን ይፈልጋል፤ አስጎብኚም ስሙን ይጠራለታል። አንዱ ግድግዳ በሁለት ሰዎች ፊት በሁለት ግሥ ይኖራል፤ ይህ የአራዳ ጠንካራ ጎን እንጂ ድክመቷ አይደለም። ሠዓሊው ከባሕር ማዶ የተማረውን የብርሃንና የአካል አያያዝ ሳይደብቅ፣ የሚለመኑትን ፊቶች ወደ ሚለምነው አዙሮ ትቷቸዋል።

በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ያለው ነገር የበለጠ ያከራክራል። እዚያ ግድግዳ ላይ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1936 እ.ኤ.አ. በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ሲናገሩ ይታያሉ። የጋዜጣ ፎቶግራፍ ሊሆን የሚችል ትዕይንት በቤተ ክርስቲያን ምን ያደርጋል ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ በፊቱ የሚሳል ሰው ስለማይኖር በአብዛኛው «ይታያል» እንጂ «አይለመንም»። ይሁን እንጂ በሥዕሉ ውስጥ ያለው ሰው ራሱ እየለመነ ነው። ሰአለ፤ ተሣለ። መንግሥታቱ ያልሰሙትን አቤቱታ ሌላ ሰሚ ባለበት ቤት ግድግዳ ላይ መለጠፍ ከቤተ መንግሥት ውዳሴ ያለፈ ትርጉም ሊኖረው ይችል ነበር። ሥዕሉ ግን ያን ዕድል አልተጠቀመበትም፤ ንጉሡን የቆመ ተናጋሪ አደረጋቸው እንጂ ለማኝ አላደረጋቸውም።

ከሞያሌ ፊቱን ወደ ደቡብ ለሚያዞር ሰው የሚጠብቀው ምሳሌ የሙራንጋው ቅዱስ ያዕቆብ ካቴድራል ነው። በማው ማው የአስቸኳይ ጊዜ ዓመታት ለተገደሉ ክርስቲያኖች መታሰቢያነት በተሠራው በዚህ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በኪሊማንጃሮ ግርጌ የተወለደው ኤሊሞ ንጃው በ1950ዎቹ ማብቂያ የክርስቶስን ልደት፣ ጥምቀት፣ የመጨረሻ እራት፣ የጌቴሴማኒ ጸሎትና ስቅለት ሣለ። ክርስቶስ ጥቁር ነው፤ ልደቱ የሆነው በኪኩዩ ኮረብታ ነው። በአማርኛ ልማድ ለታነጸ ዐይን ይህ ያን ያህል ድፍረት አይመስልም፤ የኢትዮጵያ ሠዓልያን የጌታን ሐዋርያት ለዘመናት በአገራቸው ሰዎች ዐይን ሲሥሉ ኖረዋልና። ድፍረቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ንጃው በኋላ በናይሮቢ ባቋቋመው «ፓ ያ ፓ» የሥዕል ቤት ደጃፍ መገልበጥን አጥብቆ የሚነቅፍ፣ ኮራጅነት ፈጣሪን እንቅልፍ እንደሚያስወስድ የሚናገር መፈክር ሰቅሏል። የጎንደር ሠዓሊ ይህን ቢሰማ ይደነግጥ ነበር። ለእርሱ መገልበጥ ሥዕሉ ሥዕለ አድኅኖ ሆኖ የሚዘልቅበት መንገድ ነው፤ ያልተገለበጠ መልክ ማንን እንደሚመስል የሚመሰክርለት የለም። በሁለቱ ወጎች መካከል ያለው ልዩነት ከጥቁርና ከነጭ ክርስቶስ ልዩነት ይልቅ ይሰፋል፤ የአካባቢው ጥናቶች ሁለቱን «አፍሪካዊ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል» በሚል አንድ ርእስ ሥር ሲያስቀምጡ የሚያደበዝዙትም ይህንኑ ነው። ሙራንጋ ግን በአንድ ነገር ከአባ እንጦንስ ይሻላል። ሥዕሉ እንዲገባ የሚጠይቅ ሐዘን ነበረ፤ ቤቱም ሥዕሉም የቆሙት በሙታን ስም ነው። አስገቢ አለው።

ተመሳሳይ ሙግት አውሮፓንም አልሳተም። በኮሎኝ ካቴድራል በ2007 የተተከለው የጌርሃርድ ሪሽተር መስኮት ከ11,000 በላይ ባለ ቀለም የመስታወት ካሬዎች እንጂ አንድም ቅዱስ የለበትም። የከተማዋ ካርዲናል ዮአኪም ማይስነር መስኮቱ ለመስጊድ ወይም ለሌላ የጸሎት ቤት ይበልጥ እንደሚስማማ ተናግረው ነበር። ትችታቸው ለሌላው እምነት ያለውን ንቀት ወደ ጎን ትቶ ለሚያነበው ከአትሮንሰ ማርያም ሕዝብ ጥያቄ ብዙ አይርቅም፤ በዚህ ፊት ቆሜ ማንን ልለምን ነው ያሉት። ልዩነቱ የአትሮንሰ ሕዝብ የጠየቀው ስለ አንድ ክንድ መሆኑ ነው፤ ትችት እንዲህ ጠበብ ሲል ይበረታል።

እነዚህን ጉዳዮች ለሦስት ቋንቋ አንባቢ የሚያቀርብ ሰው፣ ለምሳሌ በሞያሌ ለሚገኝ የተማሪ መጽሐፍ ወይም ለአንድ ሥዕል መግለጫ የሚጽፍ፣ ችግር የሚገጥመው ዐውደ ርእይን ሲተረጉም አይደለም፤ ማኦኜሾና አገርሲሳ ተዘጋጅተው ይጠብቁታል። የሚቸገረው «ስእለት አስገባ» የሚለው ላይ ሲደርስ ነው። ኦሮምኛ ይረዳዋል፤ ስእለት «ወሬጋ» ነው፣ ማድረሱም «ገልቹ» ነው፣ ማስገባት። ሁለቱ ጎረቤት ቋንቋዎች ስእለትን በአንድ አቅጣጫ ወደ ውስጥ ይልኩታል። ስዋሂሊ ግን ስእለትን «ናዚሪ» ብሎ፣ መፈጸሙን በመጽሐፍ ቅዱሱ ትርጉም ሳይቀር «ኩኦንዶአ» ይለዋል፤ ማንሣት፣ ማስወገድ ማለት ነው። በስዋሂሊ ስእለት በተሳለው ሰው ላይ ያለ ሸክም ነው፤ ሲፈጸም ከላዩ ይነሣለታል። በአማርኛና በኦሮምኛ በሰውየው እጅ ያለ ዕቃ ነው፤ ሲፈጸም ቤት ይገባል። ስለዚህ «አንዲት ሴት ስእለቷን ስታደርስ ይህን ሥዕል አስገባች» የሚለው የአማርኛ ዐረፍተ ነገር በስዋሂሊ ሲነበብ ሴትየዋ ሲቀልላት ይታያል እንጂ ግድግዳው ሲሞላ አይታይም። መግለጫ ጸሐፊው ሁለት ግሦች መጻፍ ይኖርበታል፤ አንዱን ለሴትየዋ፣ ሌላውን ለግድግዳው። የአባ እንጦንስን መግለጫ ሲጽፍ ግን የስዋሂሊው ግሥ ብቻውን ይበቃዋል፤ እዚያ የተነሣው ጨርቁ ነውና።